የድስት ካፖርት

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ዓሣው ከባሕር ሲጠፋ፣
ቢላዬን ሰቀልሁት፤ ቀኑ ከቤቱ ሰፋ።
ሃያ ስምንት ዓመት ሥጋ ከአጥንት የለየ እጅ
ጭኔ ላይ ተኝቶ ዋለ፣ እንደ ታመመ ልጅ።

ቨርና ግን ጎህ ሳይቀድ በኒውፋውንድላንድ ብርድ ትወጣለች፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት የሰው አንሶላ ታጥባለች፤
ማታ ጫማዋን ሳትፈታ «ምን በላችሁ?» ትላለች።
የቆርቆሮ ባቄላ።
ሦስት ቀን ሙሉ የቆርቆሮ ባቄላ።
በአራተኛው አፈርሁ፤ መልስ አማረኝ ሌላ።

ከቤተ ክርስቲያን ጓዳ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣
በአምስት ዶላር ገዛሁ የኤሌክትሪክ ማብሰያ፤
ሆዱ ሸክላ፣ ክዳኑ ጫፉ የተሰነጠቀ፣
ሽቦው በፕላስተር የተጣበቀ፤
ጠዋት ጥደው ማታ የሚያወጡት፣ እንደ ሽማግሌ የሚያዘግም፣
ያበስላል እንጂ አይቸኩልም።
«ድስት እንደ አራስ ነው» አለች ሻጭዋ፣ ወይዘሮ ሬባ፣
«ክዳኑን አታንሣ፣ ብርድ እንዳይገባ።»

ሰኞ የአተር ሾርባ፣ ረቡዕ የበግ አንገት፣
የሐሙሱ ዶሮ ጨው በዝቶበት ሲሳይ ሆነ ለድመት።

እሱ እስኪበስል ምን ልሥራ?
የአማቴን የስፌት መኪና ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤
መጀመሪያ አውራ ጣቴን፣ ቀጥሎ መጋረጃ ሰፋሁ።
መረብ ስጠግን ያደግሁ ሰው፣ ጨርቅ ያቅተኛል ወይ ብዬ፤
ለካ መረብ ቀዳዳ ይወዳል፤ ጨርቅ ግን ያሳጣል፣ ጌታዬ!
ጠርዙ ሽቅብ ቁልቁል ሄደ፤ ልጄ ኡና አይታ ሳቀች፣
«አባዬ፣ መስኮታችን ማዕበል መትቷት ነው?» አለች።
ጎረቤቴ ሌቪ ገባ፤ መርፌ ይዤ ቢያየኝ፣
ሳቁን በሳል ሸፍኖ «ምነው፣ ጀልባህ ሰመጠች?» አለኝ።
በሳምንቱ ሱሪውን በጋዜጣ ጠቅልሎ
መጣ በጓሮ በር፣ «ለማንም እንዳትነግር» ብሎ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ነፋሱ ምሰሶ ነቀለ።
ድስቱ ውስጥ ከጠዋት የተጣደ፣ በጨው የከረመ ሥጋ አለ፤
ካሮት፣ ድንች፣ ጎመን፣
እኔው በሰፋኋት ከረጢት የታሰረ ቢጫ ክክ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም፤
ሹካ ብሰድበት ሥጋው አልታዘዘም።
(አዎ፣ ክዳኑን አነሣሁ። ሬባ ትማረኝ።)
መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ ቨርና ከተማ ቀርታለች፤
ኡና ሹራብ በሹራብ ደርባ «መቼ ነው የምንበላው?» ትላለች፤
ታናሽ ወንድሟ ኤዝራ የድስቱን ሆድ ይዳብሳል፣
«አባዬ፣ እየበረደው ነው» ይላል።

እየበረደው ነው።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የደበቅሁት ነገር ነበረ፤
ለልደቷ ብዬ፣ አራት ወር በስውር የተሞከረ፤
ከፋብሪካ ሸሚዜ፣ ከእናቷ ሰማያዊ ቀሚስ
ቁራጭ ከቁራጭ ያጋጠምሁት የአልጋ ልብስ።
አላቅማማሁም አልልም። አቅማማሁ።
ከዚያ ድስቱን ጠቀለልሁበት፣ ጫፉን በመርፌ ቁልፍ ወጋሁ፤
ካፖርት አለበስሁ።

ጠበቅን። በባትሪ ብርሃን ካርታ ተጫወትን።
ኤዝራ ሁለቴ አታለለኝ።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ በረዶ ጠራጊ መኪና ላይ ተጭና
በር ላይ ቆመች፣ ቅንድቧ ነጭ፣ ቨርና።
«ምን በላችሁ?»
«ገና ነን። አንቺን ስንጠብቅ።»
ክዳኑ ተነሣ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነ።
ሃያ ስምንት ዓመት በስለት ስለየው የኖርሁትን
ሙቀት ብቻውን ለየው፤ አጥንቱ ንጹሕ ሆነ።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች፣ የእናቷን ሰማያዊ በጣቷ ለይታ።
«ያንቺ ነበር፤ ድስቱ ቀደመሽ ዛሬ ማታ።»
አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። የመረቁን እድፍ አሸተተች፤
ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው፣ ገና ትኩስ ነው፣ ቁጭ አለች።
ጫማዋን ፈታች።

ሌቪ አሁንም «ከሥራ ወጥተህ ምን ትሆናለህ?» ይለኛል፤ ሲለኝ
«እሰፋለሁ» እላለሁ። ቋጠሮውን እሱ ይፍታልኝ።